ደሴና ኮምቦልቻ የሚጋሩት ኤርፖርት

ወደ ደሴ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ኤርፖርታቸው ግን አንድ ነው። በዓለም አቀፍ የበረራ መለያው ዲ ኤስ ኢ ይባላል። መለያው የደሴን ስም ይያዝ እንጂ መሬቱ የኮምቦልቻ ነው።

ምክንያቱ ቦታውን ላየ ሰው ግልጽ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ተራራ ነው፤ ውስጧም ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። አውሮፕላን ደግሞ የሚፈልገው ረጅም ሜዳ ብቻ አይደለም። ሲነሳም ሲያርፍም ከፊቱ ክፍት ሰማይ ያስፈልገዋል። ይህን የምትሰጠው በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ናት።

የከፍታውም ነገር አለ። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የማንሳት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ብዙ መሮጥ አለበት። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ኮምቦልቻም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቆላ አትባልም። ቢሆንም ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ለአብራሪ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በረራው የሚነሳው ከቦሌ ተርሚናል 1 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር የሚታወቀው በኪው 400 ነው፤ በሁለት ፕሮፔለር የሚበር፣ ሰባ ምናምን ሰው የሚይዝ አውሮፕላን። ኮምቦልቻ ሲደርስ የአውሮፕላኑ በር ራሱ ወደ ታች ተዘርግቶ ደረጃ ይሆናል። መንገደኛው በዚያ ወርዶ አስፋልቱን በእግሩ አቋርጦ ወደ ተርሚናሉ ይገባል። እንደ ቦሌ ረጅም ኮሪደር የለም። በዚህ በኩል ትንሽ ኤርፖርት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሽማግሌ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ያቺ ደረጃ ቀላል አይደለችም። ኤርፖርቱ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ኤርፖርቶች ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ነው።

የኤርፖርቱ ጥቅም የሚገባው ግን መንገዱን ለሚያውቅ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይገባል። ሰላም ሲሆን እንኳን ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። በአየር ግን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በቅርብ ዓመታት ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሕክምና ቀጠሮ ያለው በሽተኛ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ፣ ከውጭ የመጣ ቤተሰብ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ኤርፖርት ላይ ነው። የቲኬቱ ዋጋ ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ መሆኑ ያሳዝናል። አውሮፕላን ለእነዚህ ከተሞች ቅንጦት አይደለም።

ኤርፖርቱ ራሱም ከችግሩ አላመለጠም። በሰሜኑ ጦርነት የህወሓት ኃይሎች በጥቅምት 2014 ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን 2014 በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመለሱ። በረራው ተቋርጦ ቆይቶ በኋላ ቀጠለ።

ኮምቦልቻ ከጥንትም የመገናኛ ከተማ ናት። በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ አሰብ ወደብ የሚወርደው መንገድ ከዚህ ይገነጠላል። አሁን ደረቅ ወደብ አላት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በሐምሌ 2009 ተመርቋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር ሐዲድም ተዘርግቶላታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ስለዚህ ከተሳፋሪው መካከል ባለ ፋብሪካው፣ መምህሩና ተማሪው አይጠፉም።

ከደሴ ተነስቶ ለሚበር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል፤ የጭነት መኪናም አይጠፋበትም። 25 ኪሎ ሜትር ናት ብሎ በመጨረሻው ሰዓት መውጣት አያዋጣም። ጠዋት የሚበር ሰው ኮንትራት መኪናውን ማታውኑ ቢያነጋግር ይሻለዋል።