የስልክ ጨረር የልጅ ባህሪ ይቀይራል?

«የስልክ ኔትወርክ ማማው አጠገባችን ተተክሎ ልጆቹ ተረበሹ» የሚለው ስጋት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሳይነሳ አይሰነብትም። የስልክ ጨረር እንደ ራጅ ዲኤንኤ የሚሰብር ጉልበት የለውም። የተረጋገጠው ውጤቱ የተጠጋውን ሥጋ በጥቂቱ ማሞቁ ነው፤ በአውሮፓ ለጭንቅላት የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ሥጋ 2 ዋት ነው።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማማው ሲርቅ ወይም ሲጋረድ ስልኩ ራሱ ኃይል ይጨምራል። ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውም ለዚሁ ነው። ልጅቷ ኔትወርክ አንድ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ኮሪደር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አያቷን ከምታወራ፣ በረንዳ ወጥታ በስፒከር ብታወራ ጭንቅላቷ የሚቀበለው በጣም ይቀንሳል።

ባህሪን በተመለከተ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እርጉዝ አይጦች ጎጆ ላይ ጥሪ ላይ ያለ ስልክ አስቀምጠው፣ የተወለዱት ሲቅበጠበጡና ማስታወስ ሲቸግራቸው አይተዋል። የአይጥን ጽንስ ግን ከጨረሩ የሚጋርደው የእናቱ ስስ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ለሰው በቀጥታ አይወሰድም። የልጅ ራስ ቅል ቀጭን በመሆኑ አንዳንዱ የአንጎል ክፍል ከአዋቂው የበለጠ መቀበሉ እውነት ነው፤ በዚያ መጠን ባህሪ መበላሸቱ ግን አልተረጋገጠም።

ማታ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ቢያጠፉ ጨረሩ ይቆማል። የወረደው ቪዲዮ ካልቆመ ግን ልጁ አይተኛም፤ ጠዋት የሚነጫነጨውም በዚህ ሊሆን ይችላል።