ዜኖሞርፍ፦ የአንድ ምናባዊ አዳኝ ፍጡር ሥነ-ሕይወትና የመንጋ አደረጃጀት

ዜኖሞርፍ «ኤሊየን» በተሰኙት ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ የሚገኝ፣ ከመሬት ውጭ የመጣ ምናባዊ አዳኝ ፍጡር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሪድሊ ስኮት ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ በበቃው ፊልም ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ መልኩን የነደፈው የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ኤች. አር. ጊገር ነው። መነሻው ጊገር በ1976 የሠራው «ኔክሮኖም 4» የተባለ ሥዕል ነበር፤ በዚህ ሥዕል አጥንትና ቧንቧ፣ ሥጋና ብረት የት ላይ እንደሚለያዩ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ወደ ኋላ የተለጠጠው ረጅም ጭንቅላትም እዚያው ይገኛል። የፍጡሩን ልብስ ለብሶ የተጫወተው በጊዜው ለንደን ውስጥ ዲዛይን ይማር የነበረው ናይጄሪያዊው ቦላጂ ባዴጆ ነው። ባዴጆ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚበልጥ፣ ሰውነቱም እጅግ ቀጭን ስለነበር፣ ተመልካቹ ከልብሱ ውስጥ ሰው እንዳለ እንዲዘነጋ አስችሏል።

ዛሬ የዜኖሞርፍ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ንግሥት ያለችውን መንጋ ነው። የ1979ኙ ፍጡር ግን ብቻውን ነበር፤ ንግሥትና ጎጆ የተሰጠው ከ7 ዓመት በኋላ፣ ጄምስ ካሜሮን ባዘጋጀው «ኤሊየንስ» በተባለው ሁለተኛ ፊልም ነው። ስለዚህ የፍጡሩ ሥነ-ሕይወት በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ ያለቀ ሳይሆን፣ በየጊዜው እየተጨመረበት የመጣና አልፎ አልፎም ከራሱ ጋር የሚጋጭ ነው። ግጭቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ዕንቁላሉ ከየት ይመጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

የሕይወት ዑደቱ

የፍጡሩ ሕይወት የሚጀምረው ቆዳ መሰል ሽፋን ካለው ትልቅ ዕንቁላል ነው። ዕንቁላሉ ሕይወት ያለው ነገር እስኪቀርበው ድረስ ለረጅም ዘመን ሳይበላሽ መቆየት የሚችል ሲሆን፣ ሲቀርበው አናቱ አራት ቦታ ተሰንጥቆ እንደ አበባ ይከፈታል። ከውስጡ የሚወጣው የአዋቂው ፍጡር ጫጩት ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ አካል ነው፤ ስምንት ረጃጅም ጣት መሰል እግሮችና አንድ ጠንካራ ጭራ ያሉት ሲሆን፣ ሥራውም አንድ ብቻ ነው። ይህ ተጣባቂ ዘሎ የተሸካሚውን፣ ማለትም ፅንሱን በሰውነቱ የሚሸከመውን ሰው ወይም እንስሳ፣ ፊት ያቅፋል፣ ጭራውን በአንገቱ ዙሪያ ይጠመጥማል፣ ከዚያም ቱቦውን በጉሮሮው አውርዶ ፅንስ ያስቀምጥበታል። ተሸካሚው ራሱን ቢስትም አይሞትም፤ ተጣባቂው ራሱ አየር ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ፊልም የመርከቧ ሠራተኞች ኬን ከተባለው ባልደረባቸው ፊት ላይ ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ጭራው አንገቱን ይበልጥ ያጠብቃል፤ አንዱን እግር ሲቆርጡ ደግሞ የፈሰሰው ፈሳሽ የመርከቧን ወለል እየበሳ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ፅንሱን ካኖረ በኋላ ተጣባቂው በራሱ ጊዜ ተላቆ ይሞታል። ሬሳው ተገልብጦ ሲመረመር የሚታየው የሆድ ዕቃ በእውነተኛ የባሕር ዛጎል እንስሳትና በበግ ኩላሊት የተሠራ ነበር፤ ትዕይንቱ እስከ ዛሬ የላቦራቶሪ ሥራ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

በተፈጥሮ ውስጥ ለዚህ ሥርዓት የሚቀርቡት ጥገኛ ተርቦች ናቸው። እነዚህ ተርቦች ዕንቁላላቸውን በሕይወት ባለ አባጨጓሬ ውስጥ ይጥላሉ፤ የተፈለፈለው እጭ ከውስጥ እየበላ አድጎ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። የአባጨጓሬው ሰውነት ባዕዱን ዕንቁላል ለምን አያጠቃውም ለሚለው ጥያቄ የብራኮኒድ ወገን ተርቦች መልስ አላቸው፦ ከዕንቁላላቸው ጋር የአባጨጓሬውን የመከላከል አቅም የሚያደክም ቫይረስ አብረው ይወጋሉ። ፊልሞቹ ስለ ፅንሱ እንዲህ ያለ ዝርዝር አይሰጡም፤ ሆኖም ተሸካሚው ነቅቶ፣ በልቶ፣ ስቆ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ዝምድናውን ሳይንቲስቶችም አላለፉትም፤ በ2018 በአውስትራሊያ የተገለጸ አንድ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ጥገኛ ተርብ «ዶሊኮጀኒዲያ ዜኖሞርፍ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቶታል።

ፅንሱ ሲደርስ የተሸካሚውን ደረት ቀዶ ይወጣል። ይህ ደረት ቀዳጅ ገና ትንሽና ገርጣ ያለ ሲሆን፣ ቆዳውን ገፎ በሰዓታት ውስጥ ከሰው የሚበልጥ አዋቂ ይሆናል። እዚህ ላይ የፍጡሩ ሥነ-ሕይወት ከሁሉ ቦታ ይልቅ ይላላል፤ ያን ያህል ክብደት ለመጨመር ያን ያህል መብላት ግድ ነውና፣ ምን እንደበላ ግን ፊልሙ አያሳይም። በ2024 የወጣው «ኤሊየን፦ ሮሙለስ» ይህን ክፍተት በከፊል ለመድፈን የሞከረ ይመስላል፤ በዚህ ፊልም ደረት ቀዳጁ ወዲያው አዋቂ አይሆንም፣ ግድግዳ ላይ በተሠራ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ተለውጦ ይወጣል። ቢራቢሮም ሆነች ንብ የሚያልፉበት ደረጃ ስለሆነ ለነፍሳት ወዳጅ ደስ የሚል ጭማሪ ነው፤ የክብደቱ ጥያቄ ግን ባለበት ይቀራል።

ሌላው የታወቀ ባሕርይ ፅንሱ ከተሸካሚው መልክ መውረሱ ነው። በ1992 በወጣው ሦስተኛ ፊልም ፍጡሩ የሚወለደው ከውሻ ስለሆነ በአራት እግሩ ይሮጣል፤ በ2003 በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ደግሞ ተሸካሚው በሬ ነው። ከሰው የተወለደው በሁለት እግሩ የሚቆመውም በዚሁ ሕግ መሠረት ነው።

የአዋቂው አካል

አዋቂው ሰውነቱ በጠንካራ ጥቁር ቅርፊት የተሸፈነ፣ ከጀርባው ቧንቧ መሰል ጉጦች የወጡበት፣ ጭራው የአከርካሪ አጥንት ሰንሰለት የሚመስል ነው። ዓይን አይታይበትም። ይህ የጊገር ውሳኔ ሲሆን፣ ፍጡሩ ወዴት እንደሚያይ ስለማይታወቅ ተመልካቹ መቼ እንደተገኘ አያውቅም። ያለ ዓይን እንዴት ያድናል ለሚለው ፊልሞቹ አንድ ወጥ መልስ የላቸውም፤ «ሮሙለስ» ግን ስለ ተጣባቂዎቹ አንድ ነገር ይናገራል፦ ሰዎቹ የክፍሉን ሙቀት ወደ ሰው ሰውነት ሙቀት ከፍ ሲያደርጉ ተጣባቂዎቹ ሊለዩአቸው ይቸገራሉ።

በአፉ ውስጥ ወደ ፊት የሚወረወር ሁለተኛ መንጋጋ አለ። ይህ ለብዙ ዓመታት የፈጠራ ጥግ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ በ2007 ተመራማሪዎቹ ሪታ ሜታና ፒተር ዌይንራይት የሞሬይ ኢል ዓሣ ከጉሮሮዋ ሁለተኛ ጥርሳም መንጋጋ ወደ ፊት አውጥታ ያደነችውን እንስሳ ወደ ውስጥ እንደምትጎትት አሳይተዋል። ልዩነቱ ዓሣዋ የምትጠቀምበት ለመዋጥ ሲሆን፣ ዜኖሞርፍ የሚጠቀምበት አጥንት ለመብሳት መሆኑ ነው።

ደሙ ብረት የሚያቀልጥ አሲድ ነው። ለታሪኩ ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ ፍጡሩን በመርከብ ውስጥ በጥይት መምታት መርከቧን መብሳት ማለት ስለሚሆን፣ መሣሪያ የያዘ ሰው እንኳ እጁ ታስሮ ይቀራል። የራሱን ሥጋ ለምን አያቀልጠውም ለሚለው፣ የመርከቧ የሳይንስ መኮንን አሽ ተጣባቂውን ከመረመረ በኋላ ሕዋሳቱን እያራገፈ በሲሊከን እንደሚተካ ይናገራል፤ ሲሊከንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት መስታወት አብዛኛውን አሲድ የሚቋቋም በመሆኑ ሐሳቡ ከኬሚስትሪ ብዙም አይርቅም።

ጎጆውና ንግሥቷ

በ1986ቱ ፊልም የሰፈራ ጣቢያ ነዋሪዎች የደረሱበት ይጠፋል። ወታደሮቹ በነዋሪዎቹ አካል ውስጥ የተቀበሩትን መጠቆሚያ መሣሪያዎች ሲፈልጉ ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ አየር በሚያመርተው ግዙፍ ማሽን ሥር ተከማችተው ያገኟቸዋል። የጎጆው አሠራር በዚህ አንድ የስክሪን ምስል ይገለጣል፦ አደኑ የሚካሄደው ለመብላት ሳይሆን ለማከማቸት ነው። ሰዎቹ ከነሕይወታቸው ተይዘው፣ ፍጡራኑ ከሰውነታቸው በሚያመነጩት ሙጫ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ዕንቁላል ተቀምጦላቸዋል። አንዲት ሴት ገና ነፍሷ ሳይወጣ ትገኛለች፤ ወታደሮቹ እንዲገድሏት ስትለምን ደረቷ ይቀደዳል።

የቦታው ምርጫም በዘፈቀደ የተደረገ አይመስልም። ጎጆው የተሠራው በማሽኑ የሙቀት ማስተላለፊያ ሥር ነው። ማር ንቦች የእጮቻቸውን ክፍል ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቀው ይይዛሉ፤ ምስጦችም አፈርን በምራቃቸው እያቦኩ በሚሠሩት ኩይሳ ውስጥ አየሩንና እርጥበቱን ያስተካክላሉ። የዜኖሞርፍ ሙጫ የሰው ሠራሽ ቧንቧዎችን ሸፍኖ የጎድን አጥንት ያለው ዋሻ አስመስሏቸዋል፣ ጥቁሮቹ አዋቂዎችም ከግድግዳው ተለይተው ስለማይታዩ ወታደሮቹ መሃላቸው ከገቡ በኋላ ነው የሚነቁት።

በጎጆው መካከል ንግሥቷ ትገኛለች። ስታን ዊንስተንና ባልደረቦቹ የሠሯት ይህች አካል ቁመቷ 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ውስጧ በገቡ ሁለት ሰዎች፣ በሃይድሮሊክና በክሬን ትንቀሳቀስ ነበር። ጭንቅላቷ በትልቅ ዘውድ መሰል አጥንት ተከልሏል፣ ከሁለቱ ትላልቅ ክንዶች ሌላ ደረቷ ላይ ሁለት ትናንሽ ክንዶች አሏት። ከኋላዋ የሚንጠለጠለው ብርሃን አሳላፊ የዕንቁላል ከረጢት በቀጥታ ምስጥን ያስታውሳል፤ የማክሮተርሚስ ወገን ንግሥት ሆዷ እስኪወጠር ተነፍቶ መንቀሳቀስ አቅቷት በቀን በሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። የዜኖሞርፍ ንግሥት ግን ከምስጧ የሚለያት አንድ ነገር አለ፤ ስትቆጣ ከረጢቷን ገንጥላ ትታ ትነሳለች። ሌላው ልዩነት ወንድ አለመኖሩ ነው። የምስጥ ንግሥት አጠገቧ የሚኖር ንጉሥ፣ የንብ አውራ ደግሞ ድንጉላዎች አሏት፤ በዜኖሞርፍ ጎጆ ግን አባት የሚባል ነገር አይታይም፣ የአባትን ድርሻ የሚሞላው ምናልባት መልኩን የሚያወርሰው ተሸካሚው ነው።

ንግሥቷ ሠራዊቷን የምታዝዝበት መንገድ በአንድ አጭር ትዕይንት ይታያል። የፊልሞቹ ዋና ገጸ-ባሕርይ ሪፕሊ የእሳት መወርወሪያዋን ወደ ዕንቁላሎቹ ስታነጣጥር ንግሥቷ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ሁለቱ አዋቂዎችም ያለ ድምፅ ወደ ጨለማው ያፈገፍጋሉ። ይህ የነፍሳት ደመነፍስ አይደለም፤ ዛቻን ተረድቶ መደራደር ነው። መንጋዊ ኑሮ የነፍሳት ብቻ አለመሆኑን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከምድር በታች የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል አጥቢ እንስሳ ሆኖ ሳለ አንዲት ንግሥት ብቻ የምትወልድበት መንጋ አለው፤ ንግሥቷ ስትሞትም ሴቶቹ ለቦታዋ እየተዋጉ ይገዳደላሉ።

ዜኖሞርፎች በመተካካት ረገድ የተለየ መንገድ አላቸው። በሦስተኛው ፊልም ሪፕሊ የንግሥት ፅንስ ተሸክማ የምትገኝ ሲሆን፣ አዋቂው ፍጡር ቀርቦ አሽትቶ ሳይነካት ይመለሳል። ንግሥትነት ገና በፅንስ የተወሰነ ነው ማለት ነው፤ ንብ ግን ንግሥት የምትሆነው በተለየ ዓይነት ዕንቁላል ሳይሆን በእጭነቷ በምትመገበው ምግብ ነው። ለመንጋው መሥዋዕት ማቅረብም አለ፤ በ1997ቱ ፊልም የታሰሩ ፍጡራን አንዱን ባልደረባቸውን ገድለው ደሙ ወለሉን ሲበሳ በቀዳዳው ያመልጣሉ። በ2018 የተገለጸች የብሩኔይ ጉንዳን፣ ኮሎቦፕሲስ ኤክስፕሎደንስ፣ ጠላት ሲመጣ ሰውነቷን ራሷ አፈንድታ መርዛማ ቢጫ ፈሳሽ ትረጫለች፤ ዜኖሞርፎቹ ግን መሥዋዕቱን የሚመርጡት በሌላው ላይ ነው።

ከንግሥቷ በፊት የነበረው ሐሳብ

ስኮት ለ1979ኙ ፊልም ቀርጾ በኋላ ቆርጦ ያስቀረውና በ2003 በወጣው የዚያው ፊልም ቅጂ የተመለሰ አንድ ትዕይንት አለ። በዚያ ትዕይንት ሪፕሊ ሁለት ባልደረቦቿን በሙጫ ተሸፍነው ታገኛቸዋለች፤ አንደኛው ቀስ በቀስ ዕንቁላል እየሆነ ነው። በዚህ ሥርዓት ንግሥት አያስፈልግም፤ አንዱ ሰው ዕንቁላሉ፣ ሌላው ምግቡ ይሆናል። የካሜሮን ጎጆ ለመረዳት የሚቀል፣ ለጦርነት ፊልምም የሚመች ነው፤ ንግሥትን ስናይ የምናውቀውን ቀፎና ኩይሳ እናያለን። ነገር ግን ያ የተሰረዘ ትዕይንት የበለጠ ባዕድ ነው፤ ምክንያቱም በመሬት ላይ አቻ የለውም።

በ2012 እና በ2017 የወጡት የመነሻ ታሪክ ፊልሞች ሦስተኛ መልስ ጨምረዋል፤ ዕንቁላሉን ከጥቁር ፈሳሽና ዴቪድ ከተባለ ሰው ሠራሽ ፍጡር ሙከራ ጋር አያይዘውታል። በእኔ ግምት ይህ መልስ ከሁሉም ደካማው ነው፤ በተፈጥሮ ምርጫ የተቀረጸ የሚመስለውን አዳኝ የአንድ ላቦራቶሪ ውጤት ያደርገዋልና።

ሁለቱን የቀደሙ መልሶች ማስታረቅ የሚፈልጉ የፊልሞቹ አድናቂዎች አንድ የሚያስኬድ ንባብ ያቀርባሉ። በዚህ ንባብ ብቻውን የቀረ አዋቂ፣ ንግሥት በሌለችበት፣ ተሸካሚዎቹን ወደ ዕንቁላል ይለውጣል፤ ከእነዚያ ዕንቁላሎች አንዱ የንግሥት ፅንስ ይይዛል፣ ንግሥቷ አድጋ መጣል ስትጀምር ደግሞ የመጀመሪያው ዘዴ ይቆማል። ፊልሞቹ ይህን አያረጋግጡም፣ አያፈርሱምም።