ዓይነ ርግቡን ማን በላው? ስለ ሌየር ማስክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ሰርግ የሚደግስ ሰው ዝናቡንም አብሮ መጥራት አለበት። ፎቶ ቤት በከፈትኩ ሰሞን ያነሳኋቸው ሙሽሮች ጅሬን ወጥተው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሊነሱ አስበው ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ወረደ፣ ወረደ፣ አላባራ አለ። አዳራሽ ውስጥ አነሳኋቸው፤ ከጀርባቸው ቢጫ ግድግዳ። "ግዴለም፣ ቤተ መንግሥቱን በኮምፒውተር ታስገባልን የለ?" አሉኝ። ፀሐይ በወጣ ቀን ያነሳሁት የቤተ መንግሥቱ ፎቶ ነበረኝ። "አስገባለሁ" አልኩ።

ሙሽሪትን ከግድግዳው ለመለየት ፎቶሾፕ ላይ ኢሬዘር (መፋቂያውን) አነሳሁና ዙሪያዋን ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አልበሙ ሊታተም ሲል እናትየው መጡና ስክሪኑን አዩ። "የኔ ልጅ፣ ዓይነ ርግቧን አይጥ በላው እንዴ?"

እውነታቸውን ነበር። ጫፉ ተቦጫጭቋል። ልመልሰው ብል የሚመለስ ነገር የለም። ፍቄዋለሁ፣ ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁ። ማስክ የሚባል ነገር መኖሩን ያኔም አውቅ ነበር። ያልተጠቀምኩት ከዚህም ከዚያም የሰማሁትን አምኜ ነው። የሰማሁት ይኸውና።

"ማስክም ኢሬዘርም ያው ናቸው፤ የሚታየው አንድ ነው"

ስክሪኑ ላይ፣ አዎ። ፋይሉ ውስጥ ግን ለየቅል ናቸው። ኢሬዘር ፒክስሉን፣ ፎቶው የተሠራበትን ነጥብ፣ ያጠፋዋል። ማስክ ደግሞ ከሌየሩ (እንደ ስስ ወረቀት ከሚደራረቡት ምስሎች አንዱ ነው) ጋር የሚያያዝ ሌላ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ማስኩ ነጭ የሆነበት ቦታ ሌየሩ ይታያል፤ ጥቁር የሆነበት ቦታ ይደበቃል። ነጠላ ትከሻን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ይኸም እንደዚያ ነው። የሙሽሪትን ጣት በስህተት ሸፈናችሁት? ብራሹን ነጭ አድርጋችሁ በላዩ ስትሄዱ ጣቷ ይመለሳል።

ፎቶሾፕ ላይ ሌየሩን መርጦ፣ ከሌየር ፓነሉ ግርጌ ያለችውን መሃሏ ክብ ያለባት አራት ማዕዘን ምልክት መጫን ነው። ቢ ፊደል ብራሽ ታመጣለች። ዲ ቀለሞቹን ጥቁርና ነጭ ታደርጋለች። ኤክስ ታገላብጣቸዋለች። የእኔ ግራ እጅ ኤክስ ላይ ነው የሚውለው።

"ኮንትሮል ዜድ አለልኝ"

ፎቶሾፕ፣ ሴቲንጉን ካልነካችሁት፣ የሚያስታውሰው 50 እርምጃ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን አንዷ የብራሽ ጭረት አንድ እርምጃ ናት። ፀጉር ዙሪያ ስትፍቁ 50ው የቀዳችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ቁጥሩን መጨመር ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ፋይሉ ሲዘጋ ወይም መብራት ድርግም ሲል የሚያስታውሰው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ኮንትሮል ዜድ በቅደም ተከተል ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ የሠራችሁትን ስህተት ለማረም ከዚያ በኋላ የሠራችሁትን ደህናውንም ታፈርሳላችሁ። ማስክ ግን ከፋይሉ ጋር ሴቭ ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላም ከፍታችሁ የፈለጋችሁትን ጥግ ብቻ ማስተካከል ትችላላችሁ።

"ኦሪጅናሉ አለኝ፣ ምን ያስፈራኛል?"

ኦሪጅናሉ ፎቶውን ይመልስላችኋል። ግማሽ ቀናችሁን አይመልስም።

"ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ መሃል የለውም"

እናትየውን ያስቀየምኩት እዚህ ላይ ነው። በተለመደው 8 ቢት ፋይል ማስክ ከ0 እስከ 255 ድረስ ደረጃ አለው። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ፤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። 128 አካባቢ ያለ ግራጫ ሌየሩን በግማሽ ያሳያል።

አሁን ዓይነ ርግብን አስቡት። ስስ ነው። ከጀርባው ያለው ነገር ያሳልፋል። ቢጫ ግድግዳ ፊት ሲነሳ ግድግዳው በውስጡ ይታያል። ቤተ መንግሥት ፊት ሲሆን ደግሞ የእንጨት ሰገነቱ በውስጡ መታየት አለበት። በኢሬዘር "ይኑር" ወይም "ይጥፋ" እያልኩ ስወስን ወይ ቢጫ ጨርቅ ሆነብኝ፣ ወይ ተቀደደ።

በሁለተኛው ዙር፣ ከኦሪጅናሉ እንደገና ጀምሬ፣ እንዲህ ሠራሁት። መጀመሪያ ከፊቷ ውጭ ያለውን ዓይነ ርግብ በማስኩ ሙሉ በሙሉ ደበቅኩት። ከዚያ ነጭ ብራሽ ያዝኩና ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) ከመቶ ወደ 20 አወረድኩት። አንድ ጊዜ ስሄድበት እንደ ጭጋግ ብቅ አለ። ማውሱን ለቅቄ ስደግመው ወፈር አለ። (ሳትለቁ ብትመላለሱ በኦፓሲቲ አይደራረብም፤ በአንድ ጭረት ውስጥ የሚደራረበው ፍሎው የሚባለው ሲቀነስ ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ከብራሹ ጋር ተጣልቻለሁ።) ጨርቁ የታጠፈበት ቦታ አራትና አምስት ጊዜ ሄድኩበት፤ ነጠላ የሆነበት ቦታ አንዴ ብቻ። ጉንጯ ላይ ያረፈውን አልነካሁትም፤ ከሥሩ ያለው የራሷ ፊት ስለሆነ ድፍን ነጭ ማስክ ይበቃዋል።

ግን አላለቀም። የግድግዳው ቢጫነት ጨርቁ ውስጥ ቀረ። ማስክ ይደብቃል እንጂ ቀለም አያጥብም። ከላይ ቀለም የሚቀንስ ማስተካከያ ሌየር ጨመርኩ፣ ከሙሽሪት ሌየር ጋር ብቻ አያያዝኩት፣ ዓይነ ርግቡን ብቻ እንዲነካ በራሱ ማስክ ገደብኩት። ማስተካከያ ሌየር ፎቶሾፕ ላይ ሲፈጠር ከነማስኩ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ያቺን ነጭ ሳጥን በየቀኑ እያየ ምን እንደምትሠራ አይጠይቅም። እናትየው ሲመለሱ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አድርገው "አሁን ዓይነ ርግብ ሆነ" አሉ።

"ማስክ ፋይሉን ያከብደዋል"

እስቲ እንደምር። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ነው፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል። በ8 ቢት ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ሲደመሩ ሳይጨመቅ 72 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ማስክ አንድ ግራጫ ብቻ ስለሆነ 24 ሚሊዮን ባይት ነው። አብዛኛው ወጥ ጥቁር ወይም ወጥ ነጭ ስለሚሆን ሴቭ ሲደረግ ደግሞ በደንብ ይጨመቃል። ማስክ ያከብዳል የሚሉት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? "ለማንኛውም" ብለው ሌየሩን ኮፒ አድርገው ኮፒውን በኢሬዘር ይፍቃሉ። ያ ኮፒ ከማስኩ ሦስት እጥፍ ነው።

"ማስክ ካደረግኩ ምንም አይጠፋብኝም"

ከኢሬዘር ደጋፊዎች ይልቅ የምፈራው ይህን የሚለውን ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ማስኩ አልሠራ አለኝ" ብሎ ጠራኝ። ስሄድ ጉንጯ ላይ ጥላሸት የተቀባች የምትመስል ልጅ ስክሪኑ ላይ አለች። ሌየሩ ሁለት ትንንሽ ሥዕሎች አሉት፦ አንዱ ፎቶው፣ ሌላው ማስኩ። የተመረጠው ዙሪያው ክፈፍ አለው። ልጁ ጥቁሩን የቀባው ፎቶው ላይ ነው። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፤ ማስኩ ከተመረጠ ከቀለም ሳጥኑ ቀይም ሰማያዊም ይጠፋና ግራጫ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይቀራል።

ማስኩን ጎትታችሁ ቆሻሻ መጣያው ላይ ስትጥሉት የሚመጣውን ጥያቄም አንብቡ። አፕላይ ካላችሁ የደበቃችሁት ለዘላለም ይቆረጣል። ዲሊት ካላችሁ ማስኩ ይሄድና ፎቶው ሙሉውን ይመለሳል። ደግሞ ጄፔግ ሌየርም ማስክም አያስቀምጥም። ለደንበኛ ጄፔግ ስጡ፤ ለራሳችሁ ፒኤስዲ፣ ሌየሩን ከነማስኩ የሚይዘውን የፎቶሾፕ ፋይል፣ አስቀሩ።

"ኤአይ መጥቷል፤ አንዴ ተጭኖ መቁረጥ ነው"

አንዴ ተጭኖ መምረጥ ነው። የመረጠላችሁን በዲሊት ብታጠፉት ያው ኢሬዘር ነው፤ የፈጠነ ኢሬዘር። ምርጫው እንዳለ የማስክ ምልክቱን ብትጫኑ ግን ማስክ ይሆናል። ይህ ልዩነት የሚያስፈልገው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞን ነው። ጋዋን ለብሶ አረንጓዴ ዛፍ ሥር የተነሳ ጎፈሬ ልጅ አምጡ። ጋዋኑን አሳምሮ ይመርጠዋል። ጎፈሬው ላይ ሲደርስ ግን እንደ ባርኔጣ ድፍን አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ወይ በፀጉሩ መሃል አረንጓዴ ነጠብጣብ ያስቀራል። ማስክ ካለ ጫፉን ለስለስ ባለች ብራሽ ትነካካላችሁ። ኦልት ይዛችሁ ማስኩን ብትጫኑት ጥቁርና ነጩ ብቻ ይታያችኋል፤ ያልታዩ ነጠብጣቦች እዚያ ላይ ይጋለጣሉ።

"ፎቶሾፕ ለሌለው አይሆንም"

ጊምፕ በነፃ ይገኛል፣ ማስክ አለው። ፎቶፒ በብራውዘር ይከፈታል፣ ፒኤስዲም ይከፍታል። ስልክ ላይ ስናፕሲድ የሠራችሁትን ማስተካከያ በጣት የፈለጋችሁበት ቦታ ብቻ ያስቀባችኋል። ያም ማስክ ነው፤ ስሙን ባይጠራም።

"እንግዲያው ኢሬዘር መንካት ነውር ነው"

አይደለም። ለቴሌግራም ቀልድ የማንንም ጭንቅላት ስትቆርጡ ፍቁት፣ ማን ይጠይቃችኋል።

"ደንበኛው ከተረከበ ሌየሩን ጨፍልቄ አንድ ምስል ላድርገው"

እኔም ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ብዙ ፋይል ጨፍልቄያለሁ። የዚያችን ሙሽሪት ፋይል ግን፣ ስላለፋኝ መሰለኝ፣ አልነካሁትም። በቅርቡ ልጇን ጉርድ ፎቶ ልታስነሳ መጣች። ስትጨርስ "የሰርጋችን ፎቶ አለህ?" አለችኝ። አለኝ። "ቤተ መንግሥቱን አውጣና ያንን ቢጫ ግድግዳ መልስልኝ። ያን ቀን እኮ ዝናብ ነበር።" ፋይሉን ከፈትኩ፣ የቤተ መንግሥቱን ሌየር ዓይን (የማሳያ ምልክቱን) አጠፋሁ፣ ሺፍት ይዤ ማስኩን አንዴ ተጫንኩት። ቀይ ኤክስ መጣበትና ግድግዳው ከነአዳራሹ መብራት ተመለሰ። የቀለም ሌየሩንም አጠፋሁት፤ ዓይነ ርግቡ እንደ ድሮው ቢጫ ሆነ። ጎንበስ ብላ ለልጇ አሳየችው።