ሥነ ጥበብና ዲዛይን ለሕዝብ ጤና፦ በመሐል አዲስ አበባ

ሥነ ጥበብ ለሕዝብ ጤና ስላለው አስተዋፅኦ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ነው። ጉዳዩ ግን ከፖስተር ይሰፋል። የታካሚዎች ክፍል መስኮት፣ የእግረኛ መሻገሪያ፣ በመድኃኒት ከረጢት ላይ የሚሰፍረው ምልክት፣ በሬዲዮ የሚተላለፈው ድራማ፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ጤናውን እንዲጠብቅ ያግዙታል፤ ወይም ያሰናክሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ3,000 በላይ ጥናቶች መሠረት ኪነ ጥበባት በሽታን በመከላከልም ሆነ በሕክምናና በእንክብካቤ ረገድ ድርሻ እንዳላቸው ተመልክቷል።

ሥዕልና ፈውስ በአገራችን የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ስድስት ኪሎ በሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካሰባሰባቸው ቅርሶች መካከል የብራና ክታቦች ይገኙበታል። ደብተራው ብራናውን በታማሚው ቁመት ልክ ቆርጦ፣ የግእዝ ጸሎት ጽፎበት፣ በመካከሉ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ጠልሰም፣ ማለትም የፈውስ ሥዕል፣ ይሥልበት ነበር። ክታብ የሕክምናን ቦታ አይተካም። ሆኖም ሥራው በአንድ ሰው ስምና ቁመት ልክ መዘጋጀቱ፣ ታማሚውም ሥዕሉን ፊት ለፊት እንዲያየው መታሰቡ፣ ለማን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ሥራ ለሚጀምር የዘመናችን ዲዛይነር ከፍተኛ ትምህርት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ይኸው ጥያቄ በመድኃኒት ከረጢት ላይ ጎልቶ ይታያል። ባለሙያው በትንሿ የወረቀት ከረጢት ላይ «1×3»፣ ማለትም አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ብሎ ይጽፋል፤ ማንበብ የማይችሉ እናት ይህን እንደ ተራ ጭረት ያዩታል። የሰዓት ሥዕል ቢጨመርም ችግሩ አይፈታም፤ የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚቆጠር፣ በውጭ አገር አቆጣጠር የታተመው ሥዕል 7 ሰዓት ሲያሳይ እሳቸው ጠዋቱን አንድ ሰዓት ይሉታል፤ ሥዕሉን አምነው መድኃኒቱን ከቀትር በኋላ ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ የደረሰች ፀሐይና ጨረቃ፣ ከእያንዳንዳቸውም ሥር የሚዋጠው ፍሬ ብዛት ቢሣል ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ያስረዳል። ወጪው የአንድ ማኅተም ዋጋ ነው።

ዲዛይን ለጤና ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ በጣም የተዘነጋው አየር ይመስለኛል። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ይተላለፋል፤ አየሩ በማይለወጥበት በተጨናነቀ የመጠበቂያ ክፍል ውስጥ ደግሞ አደጋው ይበረታል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በ8 ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ገደማ እንደሚለወጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ ክፍሎች ከአዳዲሶቹ የበለጠ አየር ያገኙ ነበር። በፒያሳና በአካባቢው ጣሪያቸው ከፍ ብሎ፣ በረንዳቸው ሰፍቶ የተሠሩ አሮጌ ቤቶችን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁንና መስኮት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በመጠበቂያ ወንበር ላይ ነጠላቸውን የተከናነቡ አዛውንት «ልጄ፣ እስቲ ዝጋልኝ፣ ንፋሱ መታኝ» ሲሉ አጠገባቸው ያለው ወጣት ተነሥቶ ይዘጋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ በተለይ በክረምት፣ ብርድን መፍራት ተገቢ ነው። ስለዚህ ታካሚውን ከመውቀስ ይልቅ፣ አየሩ ከሰው አናት በላይ እንዲገባና እንዲወጣ ከግድግዳው ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር የማይዘጋ ክፍተት መተው የዲዛይነሩ ሥራ ነው። መስኮት ለዓይንም ይጠቅማል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች የተመለከተ ጥናት፣ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡ መዝግቧል።

በመንገድ ላይም ቀለም ሕይወት ያድናል። በለገሃርና በሰባተኛ መስቀለኛ መንገዶች የመኪና መታጠፊያው እንዲጠብ፣ የእግረኛው መቆሚያ እንዲሰፋ አስፋልቱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ተሞክሯል፤ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተሻጋሪውም በመኪና ፊት የሚቆይበት ርቀት ያጥራል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርጎ ለሩጫ፣ ለእግር ጉዞና ለልጆች ጨዋታ ከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ አራት ኪሎ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን አምጥቷል፤ ለእግረኛው ይህ ግልጽ ጥቅም ነው። ከአካባቢው ተነሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ የሄዱት ነዋሪዎች ግን እድራቸውንና የቡና ጎረቤታቸውን ትተዋል፤ ሕመምተኛ የሚጠየቀውና ሐዘንተኛ የሚጽናናው በእነዚህ ስለሆነ፣ የጤና ሂሳቡ ሲሠራ ይህም ሊገባበት ይገባል።

ድራማ በበኩሉ ፖስተር የማይገባበት ቤት ይገባል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው ባለ 257 ክፍል ተከታታይ ድራማ «የቀን ቅኝት» ኤች አይ ቪንና የቤተሰብ ምጣኔን ቤተሰብ በአንድነት በሚያዳምጠው ታሪክ ውስጥ አስገብቷል። ግራፊክ ዲዛይንም በሕግ ታውቋል፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሲጋራ ፓኮ ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ አዟል።

ሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከትልልቅ ሆስፒታሎች ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ሰዓሊውና ታካሚው ሊገናኙ ይችላሉ። ለጤና ትምህርት የሚሣል ሥዕል ከመታተሙ በፊት ለሚታይላቸው ሰዎች ቀርቦ «እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ትንኝ ዶሮ አክላ ከተሣለች፣ ተመልካቹ «እንዲህ ያለች ትንኝ በእኛ ሰፈር የለችም» ብሎ ያልፋታል፤ ሰዓሊውም ተመልሶ በልኳ ይሥላታል።