ድንገተኛ ገንዘብ ድሃ ቤት ሲገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሎተሪ፣ ውርስ ወይም ካሳ ሊሆን ይችላል። በችግር የኖረ ቤተሰብ በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ሲያገኝ ሁሉም የሚለው አያጣም። ከሚባለው ብዙው ግን ስህተት ነው።

«ሎተሪ ከደረሳቸው ሰዎች 70 በመቶው ይከስራሉ»

ቁጥሩ በየቦታው ይጠቀሳል። ምንጩ ነው የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የፋይናንስ ትምህርት ተቋም ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ይህን የሚደግፍ ጥናት እንደሌለው ተናግሯል። በስዊድን እንዲያውም ትልቅ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላም በኑሯቸው ይበልጥ ረክተው ተገኝተዋል።

ሌላም ገጽታ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የፍሎሪዳ ጥናት ከ50 ሺህ እስከ 150 ሺህ ዶላር የደረሳቸውን ሰዎች ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኪሳራ የሚያውጁት ቀነሱ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ዓመት ግን በዚያው ልክ ጨመሩ። ገንዘቡ ውድቀቱን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

«ድሃ ገንዘብ መያዝ አያውቅም»

ይሄ አባባል በጣም ያናድደኛል። በትንሽ ገቢ ወር የሚያደርስ ሰው ሂሳብ ጠንቅቆ ያውቃል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. 19 ጥናቶችን መርምረው፣ ለድሆች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ግን ያለችውን ማብቃቃት አንድ ሙያ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ለዓመታት ማቆየት ሌላ ሙያ ነው። ሁለተኛውን ለመልመድ ዕድሉን መች አገኘ?

«ቤተሰብ የሚበትኑት ድንገት የሚመጡ ዘመዶች ናቸው»

ዘመድ ይመጣል፣ እውነት ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ይገባል። ያ ሰው ሳያማክር አንድ ነገር ይገዛል። ሌላው ይጠረጥራል። ያለችውን ተካፍለው ያደጉ ወንድምና እህት ማን ስንት እንደወሰደ መቁጠር ይጀምራሉ። ስግብግብነት በስሙ አይጠራም፤ «ለልጆቼ ብዬ ነው»፣ «እኔ ነኝ የለፋሁት» እያለ ይገባል። ትናንት ቤቱን ተሸክማ ያቆመች እናት ወይም ታላቅ እህት ዛሬ ምክሯን የሚጠይቅ ታጣለች። ከገንዘቡ መጥፋት በላይ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

«እምቢ ማለት ክፋት ነው»

አይደለም። በይሉኝታ የተሰጠ ብድር አይመለስም፤ ሲጠየቅ ደግሞ ያጣላል። መስጠት ከፈለጉ አቅምን አይቶ በስጦታ መስጠት ይሻላል።

«ቶሎ ካልተሠራበት ይባክናል»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወለድ የሚቆጥር ዕዳ ካለ እሱ ይከፈል። የቀረው ለጥቂት ወራት ባንክ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳም። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ አብሮ ይቀመጥ፤ የገንዘቡን ልክ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ይስማ።