በወሎ ድንኳን ተክሎ ማደር

ወሎ ውስጥ ከቤት ውጭ ማደር የቆየ ነገር ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ለገና ላሊበላ ከሚወርደው ምዕመን ብዙው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ራሳቸው ውሃ ዳር ድንኳን ገብተው ያድራሉ፤ ሕዝቡም አብሮ ያነጋል። አዲሱ ነገር ለሽርሽር ብሎ፣ የራስን ድንኳን ወይም አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት መኪና ይዞ መምጣት ነው። እንደ ውጭ አገሩ መብራትና ውሃ የሚቀጠልበት የመኪና ማደሪያ ግቢ እዚህ አይጠበቅም። የሚያስፈልገውን ይዞ መምጣት፣ የቀረውን ሰው መጠየቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጸጥታ ይቀድማል። ወሎ በ2014 ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት ዛሬ ክፍት የነበረውን መንገድ ነገ ሊዘጋው ይችላል። ከመነሳት በፊት በዚያው ሰሞን መስመሩን የሚመላለስ ሹፌር ይጠየቅ። ሹፌሩ ካመነታ ጉዞው ይቅር። መንገዱ ሰላም ቢሆንም ሌሊት መንዳት አይመከርም።

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው ወሎን አንድ ዓይነት አየር ያለው አገር አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት ተወጥቶ ደሴ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2500 ይጠጋል። ላሊበላም እዚያው አካባቢ ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4200 ሜትር ያልፋል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ በካናቴራ የዋለ ሰው፣ ማታ ከደሴ በላይ ጦሳ ላይ ጋቢ ደርቦም ሊበርደው ይችላል።

ስለዚህ ዕቃ ከመሸከፍ በፊት የማደሪያው ከፍታ ይታወቅ። ባቲ፣ ሐርቡና ከሚሴ ሞቃት ናቸው፤ እዚያ ከብርድ ልብስ ይልቅ አጎበር ያስፈልጋል። ወባው በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ ዳርቻ መካከለኛ አየር አለው፤ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሐይቁ ግን ጥልቅ ነው፤ ዋና የማያውቅ አይግባበት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ደጋ የሚወድ መቄት አለለት። እዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ስለተሠሩ፣ በእግር ለሚጓዝ ሰው መንገዱ የተለመደ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት የፈለገ ወደ አቡነ ዮሴፍ ወይም በደቡብ ወሎ ወዳለው ቦረና ሳይንት ይውጣ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ለማደር ቢያንስ አንድ ሌሊት ላሊበላ ማሳለፍ ይበጃል። ከከፍታው የተነሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ደጋው ላይ ውርጭ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል። በክረምት ጭቃውና በረዶው ስለሚበረታ ድንኳን ባይታሰብ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወሎ ውስጥ ባዶ የሚመስል ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። ወይ የግጦሽ መሬት ነው፣ ወይ የመቃብር ቦታ፣ ወይ አውድማ። ሳያስፈቅዱ ድንኳን መትከል ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያስፈራል። ከአሥር ሰዓት በፊት መድረስ ጥሩ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ቶሎ ይጨልማል። መኪናው ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከዚያ በእግር ወደ ቅርቡ ቤት ይኬድ። «እንደምን ዋሉ አባቴ? መሽቶብን ነው፤ እዚህ ብናድር ምን ይመስልዎታል?» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ኧረ ቤት እያለ! ምን በወጣችሁ ውጭ የምታድሩ?» የሚል ነው። የእግዜር እንግዳ ማሳደር የአገሩ ወግ ነው። ባለቤቱን ሳያስቀይሙ ድንኳን ውስጥ ለማደር ቡናውን ተቀምጦ መጠጣት ነው። ቶናውን ቀምሶ መነሳት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ በረካው እስኪወርድ ተጫውቶ፣ ተመርቆ መውጣት ያምራል። ሰውየው ራሱ ነፋስ የማይመታውን ጥግ ያሳያል፤ ጎርፍ የሚወርድበትንም ከማንም በላይ ያውቃል። ለቀበሌውም እሱው ቢያሳውቅ ይቀላል። ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገ ዋጋው በግልጽ ተነጋግሮ ይቆረጥ።

ድንኳኑ ከወንዝ ዳር ራቅ ብሎ፣ በሩ ከነፋሱ ዞሮ ይተከል። ካስማው በደንብ ይመታ፤ የደጋ ነፋስ ሌሊት ነው የሚነሳው። የምግብ ትራፊና ሥጋ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ጅብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ለእንጨት ብሎ አስታና ጽድ መቁረጥ ጨርሶ አይገባም። የተረፈው ጥቂት ነው።

የከሰል ነገር ግን በተለይ ይሰመርበት። ሲበርድ የከሰል ምድጃ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አስገብቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። የተኛው ሰው ሳይነቃ ያልፋል። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ አያድንም። ቡታጋዝም ቢሆን ውጭ ይለኮስ። ለብርዱ ከታች ፍራሽ መደረብ፣ ደረቅ ካልሲ ማድረግ፣ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጎ እግር ሥር ማስገባት ይበቃል።

ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የምንጭና የወንዝ ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ባቄላና ሽምብራ ቡታጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ የመንገደኛ ስንቅ ሆነው የቆዩት በከንቱ አይደለም። ቆላና ወይና ደጋው ላይ በሚገኝ የተኛ ውሃ መታጠብ ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል፤ ቀድቶ፣ አፍልቶ መታጠብ ይሻላል።

መኪና ይዞ ለሚመጣ፣ ረጅምና ከባድ መኪና ለዚህ አገር አይመችም። ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ካልሆነም ወንበሩ ወልቆ ፍራሽ የገባበት አባዱላ ይበቃል። ፖርቶመጋላው ላይ ብዙ ዕቃ መጫን በጠመዝማዛው ላይ መኪናውን ያወዛውዘዋል፤ ውሃና ጀሪካን ከታች ይሁን። ክሪክና ነፋስ ያለው ትርፍ ጎማ ሳይታዩ አይነሳም። ናፍጣና ቤንዚን ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ሲገኝ ግማሽ ታንከር አለኝ ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ይሞላ። ከወልዲያ ላሊበላ የሚሄድ በቻይናው መንገድ ጋሸና ድረስ ወጥቶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ጋሸና ብርድ ናት፣ ጃኬቱ ከላይ ይሁን። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን ያቃጥለዋል። ማርሹን ቀድሞ ዝቅ አድርጎ መግባት፣ ሽታ ከተሰማም ዳር ይዞ እስኪቀዘቅዝ መቆም ነው። የጋለ ጎማ ላይ ውሃ አይፈሰስም።