ፖስትክሮሲንግ ምንድን ነው? ለድሬና ለሐረር ልጆች

ከማታውቀው ሰው ጋር ፖስትካርድ የምትለዋወጥበት ድረ ገጽ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፣ ወጪህ ካርዱና ቴምብሩ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ፖርቹጋላዊ ተማሪ፣ ፓውሎ ማጋልያይስ፣ ጀመረው፤ እስካሁን ከ70 ሚሊዮን በላይ ካርድ ባለቤቱ እጅ ገብቷል።

ብዙ ሰው ግር የሚለው አንድ ነገር አለ፦ የላክህለት ሰው መልሶ አይልክልህም። ነገሩ እቁብ ይመስላል። አንተ ትጥላለህ፣ ተራህ ሲደርስ ከሌላው እጅ ይወጣልሃል፣ ዳኛው ግን ኮምፒውተር ነው። ልላክ ስትል የአንድ ሰው አድራሻና የካርዱን መለያ ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩ የሚጀምረው በላኪው አገር ሁለት ፊደላት ነው፣ የእኛ ኢቲ። እሱን ካርዱ ላይ መጻፍ እንዳትረሳ፣ ምክንያቱም፣ እንበል፣ ፊንላንድ ያለች ሴትዮ ካርድህ ደርሷት ቁጥሩን ስትመዘግብ ነው ያንተ አድራሻ ለሌላ ላኪ የሚወጣው፣ ለምሳሌ ታይዋን ላለ ሰው። አገሩን ማለቴ ነው፣ የድሬውን ገበያ አይደለም።

አድራሻስ? እዚህ ላይ እኛ ተመችቶናል። ደብዳቤ የሚመጣልን በፖስታ ሣጥን ስለሆነ የቤትህን ቁጥር ለባዳ ሰው መስጠት አይጠበቅብህም። የራስህ ሣጥን ከሌለህ የቤተሰብ ወይም የመሥሪያ ቤትህን አስፈቅደህ ተጠቀም፤ ብቻ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ስምህን ይወቅ።

የሚያስቸግረው ካርዱን ማግኘት ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቅ። ካጣህ ደግሞ ራስህ ያነሳኸውን ፎቶ በ10 በ15 ሴንቲሜትር ወፈር ባለ ወረቀት አሳትም፣ ጀርባው ላይ ጻፍበት፣ አለቀ። እኔ እንደውም ይሄኛውን እመርጣለሁ። የከዚራ ዛፎች፣ የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ፣ መኪና ግርግር ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች፣ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ፤ አቦ፣ የትኛው ሱቅ ነው ይሄን ሁሉ የሚሸጥልህ? ከኢትዮጵያ የሚላክ ካርድ ጥቂት ስለሆነ ተቀባዮቹም በጣም ነው የሚደሰቱት። ፖስታ ቤት ስትሄድ ቆንጆ ቴምብር እንዲሰጡህ ለምናቸው፣ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ከሥዕሉ እኩል ቴምብሩንና ማኅተሙን ያያል።

ለነገሩ ለዚህ ሰፈር ፖስታ አዲስ ነገር አይደለም። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ባቡሩ በ1902 ድሬ ከደረሰ በኋላም አዲስ አበባ እስኪገባ 15 ዓመት ያህል ፈጅቷል፣ ከዚያ ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሐዲዱ፣ በባቡር የሚመጣው ፖስታም ጉዞው፣ የሚያልቀው እዚሁ ነበር።

ቋንቋ አያስፈራህ። መግባቢያው እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል፤ ዛሬ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ብትጽፍ እንኳ በረዶ አገር ላለ ሰው ወሬ ነው። አንድ መስመር በአማርኛ ጨምርበት፣ ፊደላችንን ለማየት የሚጓጉ ብዙ ናቸው። ከአንድ ሰው ጋር ተግባብታችሁ በቀጥታ መለዋወጥም ይቻላል፣ እሱ ግን ከገጹ ቆጠራ ውጭ ነው፤ ያኛው ሰውዬ ካልላከ ገጹን መክሰስ የለም።

ጀማሪ በአንድ ጊዜ መላክ የሚችለው እስከ 5 ካርድ ነው፣ እየላክህ ስትሄድ ይጨምራል። አንዱ 60 ቀን ካለፈው ቦታው ይለቀቅልህና ሌላ አድራሻ ትወስዳለህ። ያ ካርድ ግን ተሰረዘ ማለት አይደለም፣ ዘግይቶ ቢደርስም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊመዘገብ ይችላል።